ለታናሹ ክፍል የሚገባው መምህር

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ደምበጫን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በአረቄዋ ነው። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፉንና በቆሎውን፣ ዳጉሳውንና በርበሬውን ወደ ገበያዋ ሲያወጣ፣ ከከተማዪቱ ሴቶች ብዙዎቹ ደግሞ ብቅሉን አብቅለው፣ ጌሾውን ወቅጠው፣ ድፍድፉን ደፍድፈው አረቄ ያወጣሉ፤ በዚህም ሥራ ብዙ ቤት ይተዳደራል፣ ለብዙ ልጅም ደብተርና ልብስ ይገዛበታል። ነገር ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ቀርቦ የተመለከተ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አያልፍም፤ ይኸውም እናትዮዋ ከእሳቱ ዳር ስትውል ገና ለትምህርት ያልደረሰው የሦስትና የዐራት ዓመት ልጇ የት ይውላል የሚል ነው።

ድፍድፉ የተጨመረበት ማሰሮ ጉልቻው ላይ ይጣዳል፤ አፉ እንፋሎት እንዳያስወጣ በጭቃ ይመረጋል፤ ከማሰሮው የተሰካው መቃም እንፋሎቱን እየመራ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ያወርደዋል። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፤ ከደከመ ደግሞ አረቄው አይወርድም፤ ማቀዝቀዣው ውሃም በሞቀ ቍጥር መለወጥ አለበት። ስለዚህ እናት ለብዙ ሰዓት ዐይኗን ከምድጃው ለማንሣት አትችልም። ልጇም ወይ በአንቀልባ ታዝሎ ጭሱን ሲምግ ይውላል፤ ወይ እርሷ ራሷ ገና ስምንት ዓመት ያልሞላት እኅቱ ከትምህርቷ ቀርታ ትጠብቀዋለች፤ ወይም ከጎረቤት ልጆች ጋራ ከደጃፉ እስከ መኪናው መንገድ ሲሯሯጥ ይመሻል።

ይህን የማነሣው እናትዮዋን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሷማ በአንድ እጇ እንጀራ እያመጣች በሌላው ልጅ የምታሳድግ ናትና ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባትም። የማነሣው ስለ መዋዕለ ሕፃናት ስንነጋገር ነገሩ ለባለጠጋ ልጆች የታሰበ የከተማ ጌጥ መስሎ የሚታየን ብዙዎች ስለ ሆንን ነው። በሌላው ዓለምም ቢሆን ብዙ መዋዕለ ሕፃናት የተጀመረው ከእንዲህ ያለው ችግር ተነሥቶ ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ኢጣሊያዊት ሐኪም በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው፣ ወላጆቻቸው ማልደው ወደ ሥራ ሲወጡ ጠባቂ አጥተው ግድግዳውንና ደረጃውን የሚያበላሹትን ልጆች አንድ ቦታ የሚይዝላቸው ሰው የሕንጻዎቹ አስተዳዳሪዎች ስለ ፈለጉ ነበር። ለጥበቃ ተብሎ የተከፈተው ቤት ግን ጥቂት ሳይቆይ የዓለም መምህራን የሚማሩበት ሆነ፤ ምክንያቱም ሞንቴሶሪ ልጆቹን ከመጠበቅ አልፋ ምን እንደሚያደርጉ፣ ምንስ እንደሚያስደስታቸው በትዕግሥት ትመለከት ስለ ነበረች፣ ልጅ በእጁ እየዳሰሰ፣ እየፈታና እየገጠመ፣ በገዛ ፈቃዱ የሚማር ፍጡር መሆኑን ለሁሉ ማሳየት ስለ ቻለች ነው።

እንግዲህ የመዋዕለ ሕፃናት የመጀመሪያ ጥቅሙ ልጁን ከእሳትና ከመኪና መጠበቁ ነው፤ ይህም ብቻውን ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ግን ከዚህ ያልፋል። ሰው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎሉ በመጠን ወደ ዐዋቂ ሰው አንጎል ይጠጋል፤ በዚህም ዘመን ልሳኑ ይፈታል፣ ሕዋሳቱ ይታዘዙለታል፣ ቍጣውንና ፍላጎቱን መግታት ይጀምራል፣ ከእኩዮቹ ጋራ መኖር ይለምዳል። እነዚህ ሁሉ ግን ምግብና ዕድሜ ብቻ የሚያመጣቸው አይደሉም፤ የሚያናግረው፣ የሚመልስለት፣ ሲጠይቅ የማይሰለቸው፣ ሲሳሳት የማያሸማቅቀው ዐዋቂ ያስፈልገዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሥራዋን የምታውቅ አንዲት መምህርት ሕፃናቱን በምንጣፍ ላይ ክብ አስቀምጣ፣ አርጅቻለሁ ታምሜአለሁ ብሎ ከዋሻው የተኛውን አንበሳና ልትጠይቀው የመጣችውን ቀበሮ ተረት ስትነግራቸው እንመልከት። ቀበሮዋ ከዋሻው ደጃፍ ደርሳ ወደ መሬት አየች፤ መምህርቷም እዚህ ላይ ተረቷን ታቆምና «ለምን አልገባችም?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ «ፈርታ ነው» ይላል፤ ሌላዪቱ «አንበሳው ስለሚሸት» ትላለች፤ ሁሉም ይሥቃሉ። መምህርቷ ግን አትቸኩልም፤ ከፊቷ ባለው ትሪ ላይ አሸዋ ታነጥፍና በጣቷ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ ዱካዎች ታትምበታለች። ልጆቹ አጎንብሰው ያያሉ፤ ከጥቂት ዝምታ በኋላ ከኋላ የተቀመጠው፣ ከመጣ ጀምሮ ድምፁ ብዙም ያልተሰማው ልጅ «የገባ እንጂ የወጣ የለም» ይላል።

በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ብንመረምር፣ ልጆቹ ረጅም ንግግር ተከትሎ ማዳመጥን፣ ተራ ጠብቆ መናገርን፣ ከሚታየው ተነሥቶ የማይታየውን መገመትን፣ በአሸዋ ላይ የታተመ ምልክት አንድ ነገር ሊናገር እንደሚችል ማወቅን ተምረዋል። ይህች የመጨረሻይቱ የንባብ ሁሉ መጀመሪያ ናት፤ ፊደልም ቢሆን የሚናገር ምልክት ነውና። ያ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አግኝቷል፤ አስቦ የተናገረው ቃል በሰዎች መካከል ተሰምቶለታል።

ለዚህ ዐይነቱ ትምህርት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከሩቅ አገር የሚገዛ አይደለም። ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ፣ ጠጠር ተለቅሞ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚያድል ልጅ አንድ ቍጥር ለአንድ ነገር መሆኑን በእጁ ይረዳል፤ ከባላጋራው ጉድጓድ ስንት እንዳለ አይቶ ቀድሞ ማሰብን ይለምዳል። ከጭቃ በሬና ቀንበር የሚሠራ ልጅ ጣቶቹ እርሳስ ለመያዝ ይጠነክራሉ። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱት ልጆች እናትና አባት፣ ነጋዴና ገዥ ሆነው ሲነጋገሩ የራሳቸው ባልሆነ ሰው ልቡና ውስጥ ገብተው ማሰብን ይማራሉ። እንቆቅልሽና ተረትም እንደዚሁ ናቸው። ከዚሁ ከጎጃም የወጡት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ መጽሐፍ ማሳተማቸው፣ ተረት ለሰው ልጅ አስተዳደግ ያለውን ዋጋ ታላላቆቻችን ምን ያህል ያውቁት እንደ ነበር ይመሰክራል።

ከዚህ ላይ ስለ የኔታ ትምህርት ቤት መናገር ግድ ይሆናል፤ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን፣ ዋሸራንና ጎንጅን በያዘው በጎጃም ምድር ስለ ልጅ ትምህርት ተጽፎ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ማለፍ አይቻልምና። ከዋርካ ጥላ ወይም ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጦ፣ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ 231ዱን ሆሄያት የሚቈጥረው ልጅ፣ ከዚያም በአቡጊዳ፣ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ወደ ዳዊት የሚደርሰው ልጅ፣ ዛሬ የትምህርት ሊቃውንት አዲስ ግኝት አድርገው የሚነግሩንን ሁለት ነገር ያገኝ ነበር። አንደኛው፣ እንደ ዐቅሙ መራመዱ ነው፤ የፈጠነው ይሄዳል፣ የዘገየውም ከነበረበት ላይ ይደግማል እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን አንድ ገጽ እንዲገልጥ አይገደድም። ሁለተኛው፣ ታላቁ ታናሹን ማስተማሩ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር በኋላ «ልጅ ለልጅ» ብሎ ያቋቋመው፣ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት ዘዴ በአብነት ትምህርት ቤታችን ለብዙ መቶ ዓመታት የነበረ ነው።

ነገር ግን ከዚያው ከአብነት ትምህርት ቤት የወረስነው፣ ልንተወው የሚገባን አንድ ልማድም አለ፤ እርሱም ክብርን ሁሉ ለላይኛው ጕባኤ የመስጠት ልማድ ነው። የቅኔው መምህር ስሙ አገር ለአገር ይጠራል፤ የመጻሕፍቱ መምህር በሊቃውንት መካከል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ፊደል የሚያስቈጥረው ግን፣ ያ ሁሉ ሊቅ በእርሱ እጅ አልፎ ሳለ፣ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝና ከሁሉ ያነሰ ስም የነበረው ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ብዙውን ነገር ከቤተ ክርስቲያን ሳይማር ሲቀር ይህን ልማድ ግን ሳይቀንስ ወስዷል፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ከላይ፣ የሁለተኛ ደረጃው ከእርሱ ቀጥሎ፣ የሕፃናቱ መምህርት ከታች። በእኔ ሐሳብ ዛሬ በደምበጫም ሆነ በመላው የአማራ ክልል ያለው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሕመም ዋና ሥሩ ይህ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ብናየው፣ ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባቡር ሐዲዱ ሥራ ጋራ፣ በድሬዳዋ ለነበሩት የፈረንሳዮች ልጆች ተብሎ ነው። ከዚያም በአዲስ አበባ በነበሩት የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ፤ ለረጅም ዘመንም የከተማና የባለገንዘብ ነገር ሆኖ ኖረ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፀደ ሕፃናትን ትምህርት ቢጠቅሰውም ሥራውን በአብዛኛው ለግል ባለሀብቱ፣ ለሃይማኖት ድርጅቶችና ለማኅበረሰቡ ተወው። በ2002 ዓ.ም. ግን የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ሆነው የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ አወጡ፤ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው፣ ዜሮ ክፍል የሚባለው መከፈት ጀመረ። ውጤቱ በቍጥር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ ዐምስት ገደማ የነበረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ተሳትፎ በ2008 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ተጠጋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ ከሥርዐቱ ውስጥ አስገብቶታል።

ቤቱ እንዲህ በፍጥነት ሲከፈት ግን መምህሩ በዚያው ፍጥነት አልተዘጋጀም። ብዙው ዜሮ ክፍል የተሰጠው በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተረፈው ክፍል ነው፤ የተመደበችለትም ብዙ ጊዜ ስለ ሕፃናት ልዩ ሥልጠና ያላገኘች፣ ደመወዟ ከሁሉ ያነሰ፣ አንዳንዴም ወላጆች በሚያዋጡት ገንዘብ የምትተዳደር መምህርት ናት። በዚህ ላይ ልጁ በብዛት ሲመጣ ምንጣፉ ቀርቶ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ጨዋታው ቀርቶ ጥቍር ሰሌዳው ይሰቀላል፤ መምህርቷ ትላለች፣ ስድሳና ሰባው ሕፃን በአንድ ድምፅ ይከተላታል። ልጁ ሀ ሁን እስከ መጨረሻው በዜማ ይወርደዋል፤ አንዲቱን ሆሄ ከመካከል ለይተህ ብትጠቍምለት ግን ስሟን አያውቃትም። ለዚህ መምህርቷን መክሰስ ግፍ ነው፤ ያላሠለጠናት፣ ያላገዛትና ያላከበራት ሌላ ነውና።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን የሰማ ብዙ ሰው መልሱ ፊደልን ቀደም ብሎ፣ አጠንክሮ ማስጠናት ይመስለዋል። እኔ ግን አይመስለኝም። ቃል ሳይበዛለት፣ ተረት ሳይሰማ፣ ሐሳቡን በአፉ መግለጥ ሳይለምድ ፊደል የተጫነበት ልጅ፣ ድምፁን ያወጣዋል እንጂ ትርጕሙን አይዘውም። ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደ ሃና በከተማ በሚያድጉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቅድመ ትምህርት ቤት ያለፉት ልጆች በቃላት ዕውቀትም ሆነ በሒሳብ ካላለፉት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ያም ቢሆን የሚያስተምር ሰው ባለበት ቤት ነው።

የመምህሩን ነገር ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ዪፕሲላንቲ በተባለች ከተማ፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከድኻ ቤተ ሰብ በተወለዱ 123 ሕፃናት ላይ አንድ የታወቀ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ የቀሩት አልገቡም፤ ከዚያም አርባ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ኑሯቸው በተከታታይ ተጠና። የገቡት ከሌሎቹ ይልቅ ትምህርታቸውን ፈጸሙ፣ የተሻለ ደመወዝ አገኙ፣ ከወንጀልም ራቁ። ይህን ውጤት ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ እንዴት እንደ ተገኘ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በዚያ ቤት ለስድስት ልጅ ገደማ አንድ መምህር ነበረ፤ መምህራኑ ሁሉ በሙያው የተመሰከረላቸው ነበሩ፤ በየሳምንቱም ወደ ልጁ ቤት ሄደው ከእናቱ ጋራ ተቀምጠው ይነጋገሩ ነበር። ደምበጫ ለስድስት ልጅ አንድ መምህር ልትቀጥር አትችልም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ልጁን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ እናቱን እሜቴ ብሎ አክብሮ ማነጋገር፣ ልጁ ዛሬ ምን እንደ ተናገረ መንገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአንድ ቀበሌ የምትኖር መምህርት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ወይም ከገበያ ስትገባ ልታደርገው የምትችለው ነው።

ለታናሹ አብልጦ የመስጠትን ጥበብ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በበርበሬው ላይ ያውቀዋል። ችግኙን የሚያፈላበትን መደብ ከውሃ አቅራቢያ መርጦ፣ ያለውን ፍግ ሁሉ አልብሶ፣ ከፀሐዩ በሣር ከልሎ፣ ጧትና ማታ በእጁ ውሃ እያጠጣ ያሳድገዋል፤ ወደ ሰፊው ማሳ ካዛወረው በኋላ ግን አብዛኛውን ለዝናሙ ይተወዋል። ከሁሉ የተሻለውን አፈርና ከሁሉ የበለጠውን ድካም ለታናሹ ይሰጣል ማለት ነው። በትምህርት ቤታችን የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ስለ ምግብም ሳልናገር አላልፍም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከዐምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ የከፋ ነበር። ለሌላው አገር እህል የሚጭነው ጎጃምም ከዚህ አልተለየም፤ እህል በጎተራ መኖሩና ልጅ ተመጣጣኝ ምግብ ማግኘቱ የተለያየ ነገር ነውና። ዕንቍላሉና ወተቱ ወደ ገበያ ሲወጣ ልጁ ከዓመት እስከ ዓመት እንጀራና ሽሮ ብቻ ይበላል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ ነገር ግን ቃሉ ከልጁ አፍ የሚደርስበት አንድ ቦታ ይፈልጋል፤ ልጆች በየቀኑ ከሚሰበሰቡበት መዋዕለ ሕፃናት የተሻለ ቦታም የለውም። አንድ ኩባያ ገንፎና አንድ ዕንቍላል ያገኘ ልጅ ተረቱን ነቅቶ ይሰማል፤ የራበው ልጅ ግን ከግድግዳው ተደግፎ ያንቀላፋል።

ሕጉን ብንመለከት፣ የ2010 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቍጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚጠብቁበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቍሙ አዝዞ ነበር። መልካም ሕግ ነበር። ነገር ግን ያቺ ከማለዳ ጀምራ ማሰሮዋን ጥዳ የተቀመጠችው እናት የማንም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይደለችም፤ ጎመንና ሽንኩርት ይዛ ገበያ የምትቀመጠውም እንደዚሁ። ለእነርሱ የሚደርስላቸው የቀበሌው ዜሮ ክፍል ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዘመኑ መከራ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የያዘው ጦርነት ትምህርት ቤት አዘግቷል፣ መምህር በትኗል፤ በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከዐራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደ ነበሩ ተነግሯል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያቋረጠውን ዓመት በብዙ ድካም ቢሆንም ተመልሶ ሊማረው ይችላል፤ የዐምስት ዓመቱ ሕፃን ግን ዐምስት ዓመት የሚሆነው አንድ ጊዜ ነው። በር በተዘጋበት ወራት ልጁን ፈጽሞ ከመተው ይልቅ፣ ከቤቱ ታላቅ እኅት ተረት እንድትነግረው፣ አያት እንቆቅልሽ እንዲጠይቁት፣ የኔታም ከዋርካው ጥላ ሥር ሰብስበው እንደ ጥንቱ ፊደል እንዲያስቈጥሩት ማበረታታት ይቻላል። ጠመንጃ የያዙትም ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ የሕፃናት መማሪያ ቤት የማይነካ ቅዱስ ስፍራ መሆኑን እንዲያከብሩ ይህ ጸሓፊ በልመና ይጠይቃል።

የደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ ዩኒቨርሲቲው፣ ለሕፃናት የሚሆኑ መምህራንን በብዛትና በጥራት ማሠልጠንን የራሳቸው ዋነኛ ሥራ ቢያደርጉት፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የዜሮ ክፍል መምህርትን ደመወዝ ከሌሎቹ መምህራን ደመወዝ ጋራ ቢያስተካክል፣ ዛሬ የምንነጋገርበት ችግር ጥቂት በጥቂት ይቃለላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን በርእሰ መምህሩ እጅ ያለ አንድ ውሳኔ አለ። መጪው መስከረም ሲመጣ የደምበጫና የአካባቢዋ ርእሳነ መምህራን መምህራኑን በየክፍሉ ሲደለድሉ፣ ዜሮ ክፍልን ከሁሉ በኋላ ለተረፈው ሰው ከመስጠት ይልቅ ከሁሉ በፊት ለሚበልጠው መምህር ይስጡት፤ ወላጆችም በስብሰባው ላይ ተነሥተው የመረጣችሁልን ማን ነው ብለው ይጠይቁ።